ሣር ጠብቀው ቀበሮ ያተረፉ፦ የመንዝ ጓሳ እና የቀይ ቀበሮ ቆጠራ ታሪክ

በዓለም ላይ ቀበሮ የሚቆጠረው ብዙውን ጊዜ ሊገደል ነው።

የአላስካን ነገር እንይ። በአሌውሺያን ደሴቶች የሩሲያ የቆዳ ነጋዴዎች ከ1750 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀበሮ እያመጡ ለቀቁ። ሐሳባቸው ተራብቶ ቆዳው እንዲሸጥ ነበር። በአብዛኞቹ ደሴቶች ከዚያ በፊት በምድር ላይ የሚያድን አውሬ ስላልነበረ ወፎቹ እንቁላላቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ይታቀፉ ነበር። ቀበሮው ጎጆ ለጎጆ እየዞረ ጨረሳቸው። አንድ የዝይ ዓይነት ጠፍቷል ተብሎ ከተደመደመ በኋላ በ1962 እ.ኤ.አ. ቀበሮ ባልደረሰባት ቡልዲር በምትባል ደሴት ላይ ጥቂቱ ተርፎ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ከ40 በላይ ደሴቶች ላይ ቀበሮውን እየተከታተሉ አጠፉ። ዝይው አንሰራራ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. የመጥፋት ሥጋት ካለባቸው ዝርዝር ወጣ።

ለዓለም የተለመደው ታሪክ ይህ ነው። ወፍ የሚፈለፈልበት ሜዳ አለ፣ ቀበሮ አለ፣ ቆጣሪ አለ፤ ቆጣሪው የወፉ ወገን ነው።

አሁን ወደ ሰሜን ሸዋ እንመለስ። በመንዝ ጌራ ምድር፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጓሳ የሚባል አምባ አለ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ነው። እዚያም ወፍ መሬት ላይ ይፈለፍላል። ከኢትዮጵያ እና ከኤርትራ ደጋ በቀር ሌላ ቦታ የማይታየው ባለ ሰማያዊ ክንፉ ዝይ በረግረጉ ዳር ይታቀፋል፤ ቆቁም ከሣሩ ሥር ነው። አንኮበር አካባቢ ለሳይንስ የታወቀችው ትንሿ የአንኮበር ወፍም ከመኖሪያዎቿ አንዱ ይኸው አምባ ነው። እዚያም ቀበሮ አለ፤ ቆጣሪም አለ። ነገር ግን የመንዝ ቆጣሪ የሚቆጥረው ቀበሮው አንድ እንኳ እንዳይጎድል ነው።

ይህ ልዩነት እንዴት መጣ? መልሱ ከሳይንስ በፊት ከሣር ይጀምራል።

▪️ ስሙ ቀበሮ፣ ዘሩ ተኩላ

በመጀመሪያ ስለ እንስሳው። ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። በ1830ዎቹ እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን ተራሮች መጥቶ ነበርና ሳይንሳዊ ስሙን ከሰሜን ሰጠው። ለረጅም ጊዜ ፈረንጆቹም "የሰሜን ቀበሮ" ይሉት ነበር። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የዘር ቅንጣቱ ሲመረመር ግን ከአውሮፓ እና ከእስያ ግራጫ ተኩላ ጋር በቅርብ የሚዛመድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዓለም አቀፍ መጠሪያው ዛሬ "የኢትዮጵያ ተኩላ" ነው። በአማርኛ ቀይ ቀበሮነቱ አልተለወጠም፤ የመንዝ ሰውም ቀበሮ ነው የሚለው።

በዓለም ላይ የቀረው ለአካለ መጠን የደረሰ ቀይ ቀበሮ ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። ከግማሽ በላዩ ያለው በባሌ ተራሮች ነው። የተረፈው በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በሰሜን እና በደቡብ ወሎ፣ እንዲሁም በመንዝ ጓሳ ተበታትኖ ይኖራል። የጓሳው ቁጥር መቶ አይሞላም። ባለ ብዙ ሕዝብ ከሆነ ደጋ መሐል፣ ገብስ እና በግ ከከበቡት አምባ ላይ፣ ይህ አነስተኛ ቁጥር ለዘመናት መቆየቱ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል።

ከአላስካው የሚለየው ሌላም ነገር አለ። የደሴቶቹ ቀበሮ እንግዳ ነበር፤ የጓሳው ቀበሮ ባለ አገር ነው። ዝይውም ቆቁም ከእሱ ጋር ሲኖሩ ነው የኖሩት። አልፎ አልፎ ጫጩት ወይም እንቁላል ካገኘ ይበላል፤ ዋናው ቀለቡ ግን አይጥ ነው። አይጡ ደግሞ የሚኖረው በጓሳ ሣር ሥር ነው። ሣሩ በትልልቅ ጉጥ የሚበቅል፣ ሥሩ ብርድ እና ውርጭ የማያስገባ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ግልጽ ነው፦ ሣሩ ከሌለ አይጡ የለም፤ አይጡ ከሌለ ቀበሮው የለም፤ የወፉም መጠለያ ያው ሣር ነው።

▪️ የአስቦ እና የጌራ ውርስ

የመንዝ ሰው ሣሩን የሚፈልገው ለሌላ ጉዳይ ነው። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፤ በደንብ ከተከደነ ዓመታት ይቆያል። ገመድ ይገመድበታል። እረኛው በክረምት የሚደርበው ገሳ ይሠራበታል። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ የከብት ነፍስ ማቆያ ነው። ቆላው ሲነድ፣ መስኩ ሲራቆት፣ ጓሳ ላይ ሣር አይታጣም።

ለዚህ ነው ሕግ የወጣለት። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ጓሳን ያቀኑት አስቦ እና ጌራ የተባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች ናቸው። ዘመኑ 17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይገመታል፤ ከዚያው ከመንዝ የተነሣው ነጋሲ ክርስቶስ የሸዋን ሥርወ መንግሥት መሠረት ከጣለበት ጊዜ ጋር ይቀራረባል። የአስቦ እና የጌራ ተወላጆች የጓሳ ባለ መብት ሆኑ። መብቱን የሚያስተዳድሩበት ሥርዓት ደግሞ "ቄሮ" ይባላል። (ይህ ቃል በቅርብ ዓመታት ፖለቲካ ከሚታወቀው የወጣቶች መጠሪያ ጋር አይገናኝም፤ ድምፁ ቢመሳሰልም ሌላ ቃል ነው።)

የቄሮ አሠራር እንዲህ ነበር። ባለ መብቶቹ አባ ቄራ ወይም አፈሮ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ። ጓሳ ይዘጋል። እስኪከፈት ድረስ ሦስት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ያልፋል። በእነዚያ ዓመታት ሣር ማጨድም ሆነ ከብት ማሰማራት የተከለከለ ነው። ባለ መብቶቹ ተራ ገብተው አምባውን ይጠብቃሉ። ድርቅ ሲጠና ወይም ሣሩ ሲደርስ አለቃው ከሽማግሌዎች ጋር መክሮ የመክፈቻውን ቀን ያስታውቃል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ይወጣል። ዝናቡ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ደንብ የጣሰ ከባድ ቅጣት ይጠብቀዋል። ቤተ ክርስቲያንም ከደንቡ ጎን ስለነበረች መጣሱ ከወገን ብቻ ሳይሆን ከእምነትም ያጣላል።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቀበሮን ስለመጠበቅ የሚናገር አንድም አንቀጽ የለም። ማንም ለቀበሮ ብሎ አልዘጋም። ሣሩ ለዓመታት ሳይነካ ሲያርፍ ግን አይጡ ይረባል፤ አይጡ ሲረባ ቀበሮው ይጠግባል። ከብት እና እረኛ በማይገባባቸው ዓመታት የእረኛ ውሻም አይገባም። ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ዝቅ ብሎ እናያለን። ቀበሮው የዳነው በሰዎች ቁጠባ ጥላ ሥር ነው።

የቄሮን ነገር ስናነሣ ግን ያለፈውን ማሳመር አይገባም። መብቱ በዘር ሐረግ ነበር። የአስቦ ወይም የጌራ ተወላጅ ያልሆነ፣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረ፣ ርስት የሌለው፣ ጓሳን ከሩቅ ከማየት በቀር ድርሻ አልነበረውም። ሥርዓቱ ለሣሩ ፍትሐዊ ነበር፤ ለሰው ሁሉ ግን አልነበረም።

▪️ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.

በዚህ ቀን የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ርስት ቀረ። በርስት ላይ የተመሠረተው ቄሮም መሠረቱ ተናደ። አባ ቄራ ሥልጣን አጣ፤ መሬት የማደሉ ሥራ ለገበሬ ማኅበራት ሆነ። ትናንት ድርሻ ላልነበረው ሰው ይህ ፍትሕ ነበር። ለአምባው ግን ጠባቂ የሌለው ዘመን ማለት ነበር። መክፈቻ እና መዝጊያ ቀን ቀረ፤ ሣር አጫጁ እና ከብቱ በየወቅቱ ይወጣ ጀመር፤ ማረሻው ከታች ወደ ላይ ገፋ።

በ1968 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ጋሬት ሃርዲን በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ የጋራ ግጦሽ መጨረሻው ጥፋት ነው ብሎ ነበር። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ ለራሱ፣ ጉዳቱ ግን ለሁሉም ስለሚከፋፈል፣ ሁሉም እየጨመረ መስኩን ያጠፋዋል የሚል ነው። በኋላ የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም ግን ከዓለም ዙሪያ ማስረጃ ሰብስባ አስተካከለችው። ጥፋት የሚመጣው ንብረቱ የጋራ ስለሆነ ሳይሆን ደንብ እና ጠባቂ ሲያጣ ነው አለች። ጓሳ ሁለቱንም አሳይቷል። እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የኦስትሮም ምሳሌ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት የሃርዲን ሆነ።

ልብ የሚነካው ቀጥሎ የሆነው ነው። ገበሬዎቹ የፈረሰውን በአዲስ ስም መልሰው አቆሙት። ቄሮ ማለት የማይቻልበት ዘመን ስለነበር በዕድር አምሳያ ተደራጁ፤ ዕድርን ማን ይከለክላል? ኮሚቴ መረጡ፤ ደንብ አወጡ፤ ጥበቃ መደቡ። ትልቁ ለውጥ ባለ መብቱ ማን እንደሆነ ነው። በአዲሱ ሥርዓት መብቱ በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች ነዋሪ በመሆን እንጂ በአስቦ እና በጌራ ዘር አይደለም። አብዮቱ ያፈረሰውን ጥበቃ መልሰው፣ አብዮቱ ያመጣውን እኩልነት አስቀሩት። ሁለቱን ማስታረቅ ለብዙ ምሁራን ያልተሳካ ነገር ነው።

በኋላ የውጭ እጅ ታከለበት። ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ተመራማሪ ዘለዓለም ተፈራ በ2001 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ለዶክትሬት ባቀረበው ጥናት የቄሮን ታሪክ እና የቀበሮውን ኑሮ አንድ ላይ መርምሮ፣ ሁለቱ እንደማይነጣጠሉ አሳየ። የፍራንክፈርት ሥነ እንስሳት ማኅበርም ድጋፍ ሰጠ። ሩፔል የመጣው ከዚያው ከፍራንክፈርት ነበርና ታሪክ አንዳንዴ ክብ ይሠራል። ክልሉም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በሕግ አወቀው። የማኅበረሰቡ ስካውቶች ከየቀበሌው ተመርጠው ተመደቡ። ድሮ ተራ ገብቶ ሣር ይጠብቅ የነበረው ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቀበሮ ይቆጥራል።

▪️ ቀበሮ እንዴት ይቆጠራል?

ቀይ ቀበሮ ለቆጣሪ የሚመች ጠባይ አለው። አይጥ የሚያድነው በቀን ነው፤ የሚያድነውም ለብቻው ነው። የሚኖረው ግን በቤተሰብ ነው። ማለዳ ተሰብስቦ ይሳሳማል፤ ድንበሩን ዞሮ ምልክት ያደርጋል፤ ጀንበር ስትወጣ እያንዳንዱ ወደ አደኑ ይበተናል። ማታ እንደገና ይገናኛል። ስለዚህ ቆጣሪው ቁር ባለበት ማለዳ ጅብራው መሐል ቆሞ መጠበቅ አለበት። ያንን ሰዓት ካሳለፈው ሙሉውን ቤተሰብ አንድ ላይ አያገኘውም።

በአንድ ቤተሰብ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት የበላይ እናት ናት፤ በዓመትም አንዴ ብቻ። የምትወልደው ክረምቱ ወጥቶ ደረቁ ወራት ሲገባ ነው። ቡችሎቹ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ከጉድጓዱ ብቅ ይላሉ፤ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላትም እየመገቡ ያሳድጓቸዋል። ያን ጊዜ ስንት እንደተወለዱ ይመዘገባል። በወራት ልዩነት ሲታይ ስንት እንዳደጉ፣ ስንት እንደጎደሉ ይታወቃል። ልምድ ያለው ሰው በደረት እና በአንገት ላይ ባለው ነጭ ምልክት አንዱን ከሌላው ይለያል። ይህ ሥራ ቦታውን ጠንቅቆ ማወቅ፣ ብርድ መቻል እና ለዓመታት ሳይሰለቹ መመላለስ ይጠይቃል። ከከተማ ለሁለት ሳምንት የሚመጣ ባለሙያ ብቻውን አይወጣውም።

በቆይታ የሚገኝ እውቀትም አለ። በጓሳ የጭላዳ ዝንጀሮዎችን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚከታተሉ ተመራማሪዎች አንድ የሚያስገርም ነገር አስተዋሉ። ቀበሮው ጭላዳዎቹ መሐል ገብቶ፣ ልጆቻቸውን ሳይነካ፣ አይጥ ያድናል፤ እነሱም አይሸሹትም። በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤት፣ ጭላዳ መሐል ሆኖ ካደነው ሙከራ 67 በመቶው ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲሆን ግን 25 በመቶ ብቻ ነው። ይህ የታየው ያው ሣር ሁለቱንም ስለያዘ፣ ተመልካቹም ለዓመታት ስላልተነሣ ነው።

▪️ ቁጥር ለምን ያድናል?

አንዳንዱ "መቁጠር ምን ይረባል? ከተቆጠረ በኋላስ?" ሊል ይችላል። መልሱ ባሌ ላይ አለ።

የቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላት ጥይት አይደለም፤ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ እንደገናም በ2003 እና በ2004 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ፣ ክትትል ይደረግባቸው በነበሩ አንዳንድ ሸለቆዎች ከሦስቱ ቀበሮ ሁለቱን ያህል ጨረሰ። በሁለተኛው ጊዜ ግን ልዩነት ነበር። ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ሠራተኞች በየሸለቆው ቤተሰቦቹን በቋሚነት ይከታተሉ ስለነበር ሞቱ ገና ሲጀምር አወቁ። በሽታው ወደ ሌላ ሸለቆ የሚሻገርበትን መንገድ ለይተው እዚያ ያሉትን ቀበሮዎች ከተቡ። ወረርሽኙ እዚያው ቆመ። በኋላ የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ በትክክለኛው መተላለፊያ ያሉትን ጥቂቶች መከተብ ከመጥፋት ያድናል። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ የሚዋጥ ክትባት በባሌ ተጀመረ።

ማነው የት እንደሚኖር፣ የትኛው ቤተሰብ ከየትኛው እንደሚዋሰን ሳይታወቅ ግን መተላለፊያውን ማን ያውቃል? ጥቂት አሥሮች ብቻ ባሉበት በጓሳ ደግሞ የአንድ ሳምንት መዘግየት የትውልድ ጉዳይ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌም እዚያው ሰሜን ሸዋ አለ። በአንኮበር በኩል ባለው በጎሽ ሜዳ ቀይ ቀበሮ ነበር፤ ዛሬ የለም። በጎጃም ጮቄ ላይም ጠፍቷል። በጉና ተራራም እንዲሁ። ሁሉም ትንንሽ፣ እርሻ የከበባቸው፣ ከሌላው የተነጠሉ ሥፍራዎች ነበሩ። ከእነዚህ ቦታዎች አንዳቸውም ቀበሮውን በአንድ ቀን አላጡትም። አንድ ቤተሰብ ጠፋ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ በመጨረሻ "ድሮ እዚህ ቀበሮ ነበር" የሚል ወሬ ቀረ።

▪️ የዛሬው ጥያቄ

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የሰሜን ሸዋ ሰው ከቀበሮ የበለጠ የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ ግልጽ ነው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ግንባር ሰሜን ሸዋ ድረስ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሣር እና ስለ አይጥ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል።

የጓሳ ታሪክ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። ቄሮ የተፈጠረው በጥጋብ ዘመን ለመዝናናት አልነበረም፤ ለክፉ ቀን ነበር። ድርቅ እና ችግር ሲመጣ ከብቱ የሚተርፍበት የመጨረሻ መሸሸጊያ እንዲኖር አባቶች በደኅና ቀን ራሳቸውን ከለከሉ። የዘጉት አምባ ቀበሮውን አኖረ፤ ዝይውን አስታቀፈ፤ ከሥሩ የሚፈሱትን ወንዞች አላደረቀም። ውኃው በምሥራቅ ወደ አዋሽ፣ በምዕራብ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ የጓሳ ጉዳይ የመንዝ ብቻ አይደለም።

ሁለት ነገር መለየት ይጠቅማል። ቁጥርን ውጭ ያለ ለጋሽ ሊደጉም ይችላል። ጥበቃን ግን ማንም ከውጭ ሊያመጣው አይችልም፤ የባለቤትነት ስሜት አይሸመትም። ጠባቂ የሌለው ቆጠራ የጥፋት መዝገብ ነው፤ ዓመት ዓመት ስንት እንደጎደለ ይነግረናል እንጂ አንድም አያተርፍም። ቄሮ ደግሞ ያለ ቆጣሪ ለዘመናት ቀበሮውን አቆይቷል። የዛሬው ዘመን፣ በበሽታው፣ በውሻው እና በሕዝቡ ብዛት ምክንያት፣ ሁለቱንም ይጠይቃል።

እንግዲህ ለሚመለከታቸው ሁሉ ጥያቄው ቀላል ነው። የአካባቢው አስተዳደር የሚቀየር፣ ለጋሽ የሚመጣ እና የሚሄድ፣ ጦርነትም የሚነሣ እና የሚበርድ ነው። ኮሚቴው፣ ስካውቱ እና ደንቡ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ መቆየት አለባቸው። በ1967 ዓ.ም. ሥርዓቱ በአንድ ቀን አዋጅ ፈርሶ፣ ሰዎቹ መልሰው ለማቆም ዓመታት ፈጅቶባቸዋል። ሁለተኛ ቢፈርስ፣ ለመመለስ ጊዜ የሚሰጥ በቂ ቀበሮ ላይኖር ይችላል።

አላስካ ላይ ቆጣሪው ሲጨርስ ቀበሮ አልነበረም፤ ሥራው የተሳካውም ለዚህ ነበር። መንዝ ላይ ሥራው ተሳካ የሚባለው ቆጣሪው በሚቀጥለው ዓመትም ማለዳ ወጥቶ የሚቆጥረው ካገኘ ብቻ ነው።

ሐሳባችሁን አካፍሉ፤ ለሌሎችም አጋሩ።